ከአራራት አናት እስከ ፊደል ገበታ፦ የኻቻቱር አቦቪያን ሕይወት

የኖኅን ታሪክ ያልሰማ አማርኛ አንባቢ የለም ማለት ይቻላል። ኦሪት ዘፍጥረት የጥፋት ውኃ ሲጎድል መርከቧ በአራራት ተራሮች ላይ ማረፏን ይነግረናል። ለእኛ አራራት ከመጽሐፍ የምናውቀው ስም ነው። ለአርመኖች ግን በየማለዳው ከደጃቸው ወጥተው የሚያዩት ተራራ ነው፤ በቋንቋቸው ማሲስ ይሉታል። ከአራክስ ወንዝ ሜዳ ተነሥቶ 5,137 ሜትር ይደርሳል። አናቱን በረዶ ተለይቶት አያውቅም። አጠገቡ 3,896 ሜትር የሚረዝመው ትንሹ አራራት ቆሟል።

ይህ ተራራ ለብዙ መቶ ዓመታት ሰው የማይወጣው ሆኖ ኖረ። አበው እንደሚተርኩት በስንክሳር የምናውቀው ያዕቆብ ዘንጽቢን መርከቧን በዓይኑ ለማየት ወደ አናቱ ጉዞ ጀመረ። ነገር ግን ጥቂት በወጣ ቁጥር እንቅልፍ ይጥለውና ሲነቃ ራሱን መጀመሪያ ከተነሣበት ቦታ ያገኘዋል። በመጨረሻ መልአክ ተገልጦ ከመርከቧ ቁራጭ እንጨት ሰጠው፤ ከዚያ በላይ መውጣት ለሰው እንዳልተፈቀደም ነገረው። ያ ቁራጭ ነው ተብሎ የሚታመነው እንጨት በአርመን ቤተ ክርስቲያን መንበር በኤችሚያድዚን እስከ ዛሬ በክብር ተጠብቆ ይኖራል።

ያንን ክልከላ በእግራቸው ከተሻገሩት ሰዎች አንዱ ገና 20 ዓመት ገደማ የሆነው የአርመን ዲያቆን ኻቻቱር አቦቪያን ነበር። ኋላ መምህር ሲሆን የገጠመው ሌላው ክልከላ ግን ከተራራው ይልቅ ከበደው። ታሪኩን ከመነሻው እንከተለው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተቀመጡ ናቸው።

የካናከር ልጅ

አቦቪያን በ1809 ካናከር በምትባል መንደር ተወለደ። ካናከር ዛሬ የአርሜኒያ ዋና ከተማ የየሬቫን አንድ ሰፈር ናት። ያኔ ግን ከከተማዋ በላይ በከፍታ ላይ የተቀመጠች ራሷን የቻለች መንደር ነበረች። አገሩ በፋርስ ነገሥታት ሥር ነበር። የሬቫንንም በነገሥታቱ ስም የሚገዛው ሰርዳር የተባለ ሹም ነበር። ልጁ ያደገው የሰርዳሩ ሰዎች ወደ መንደር ሲመጡ ወላጆች ልጆቻቸውን በሚደብቁበት ዘመን ነው። በዚያ ዕድሜው ያየው ፍርሃት ኋላ ለሚጽፈው መጽሐፍ መነሻ ሆነ።

ቤተሰቡ በመንደሩ የተከበረ ነበር። ልጁን በ10 ዓመቱ ካህን ይሆን ዘንድ ወደ ኤችሚያድዚን ላኩት። ኤችሚያድዚን የአርመን ሐዋርያዊት ቤተ ክርስቲያን መንበር፣ የበላይ አባቷ የካቶሊኮሱም መቀመጫ ናት። ይህች ቤተ ክርስቲያን እንደ ኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሁሉ የኬልቄዶንን ጉባኤ ካልተቀበሉት እኅት አብያተ ክርስቲያናት አንዷ ናት። በዚያም ልጁ ግራባርን መማር ጀመረ። ግራባር በ5ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ መስሮፕ ማሽቶትስ የአርመንን ፊደል ከቀረጸ ጀምሮ የቅዳሴው፣ የትርጓሜውና የታሪኩ ቋንቋ ሆኖ የኖረ ነው። በገበያና በማጀት ግን ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆኖታል። የግዕዝንና የአማርኛን ታሪክ ለሚያውቅ ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም፤ መጽሐፉ በአንድ ቋንቋ፣ ኑሮው በሌላ ቋንቋ ነበር።

አቦቪያን በኤችሚያድዚን እስከ መጨረሻው አልቆየም። ትምህርቱ አላረካውምና ወደ ቲፍሊስ፣ ወደ ዛሬዋ ትብሊሲ ሄደ። በዚያ ሊቀ ጳጳስ ኔርሴስ አሽታራኬትሲ ያቋቋሙት የኔርሴሲያን ትምህርት ቤት በ1824 ሲከፈት ከተማሪዎቹ አንዱ ሆነ። ትምህርት ቤቱን የሚመራው ሐሩትዩን አላምዳሪያን ባለ ቅኔና መዝገበ ቃላት አዘጋጅ ነበር። ወጣቱ ከእሱ ሥር ሆኖ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ቀሰመ። ትምህርቱን በ1826 ሲጨርስ ሐሳቡ ወደ ቬኒስ ተሻግሮ መማር ነበር። በዚያው ዓመት ግን በሩሲያና በፋርስ መካከል ጦርነት ተነሣ። መንገዱ ተዘጋ፤ የቬኒስም ምኞት በዚያው ቀረ።

ጥቂት ጊዜ በሳናሂን ገዳም ካስተማረ በኋላ ወደ ኤችሚያድዚን ተመልሶ የካቶሊኮስ ኤፍሬም ጸሐፊና አስተርጓሚ ሆነ። በ1827 መኸር የሩሲያ ጦር በጄኔራል ፓስኬቪች መሪነት የየሬቫንን ምሽግ ያዘ። በ1828 በቱርክሜንቻይ በተፈረመው ውል ፋርስ አገሩን ለሩሲያ ለቀቀች። አርመኖች የሰርዳሩ ዘመን በማለፉ እፎይ አሉ። አዲሱ ገዥ ደግሞ ከሰሜን ሊቃውንትንና ተመራማሪዎችን እያስከተለ መጣ።

ሦስት ሙከራ

ከእነዚያ ተመራማሪዎች አንዱ ፍሪድሪኽ ፓሮት ነበር። ፓሮት በዶርፓት ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ፕሮፌሰር ሲሆን በሙያው ሐኪምም ነበር። ዶርፓት ያኔ የሩሲያ ግዛት ውስጥ ያለች፣ ትምህርት በጀርመንኛ የሚሰጥባት ከተማ ናት፤ ዛሬ ታርቱ ተብላ በኢስቶኒያ ትገኛለች። ፓሮት ለተራራ አዲስ አልነበረም። በ1811 በካውካሰስ ካዝቤክን ለመውጣት ሞክሯል፤ በአልፕስና በፒሬኔም ተመላልሷል። የአራራት ሰሜናዊ ወገን በሩሲያ እጅ እንደገባ ሲያውቅ ተማሪዎቹንና መሣሪያዎቹን ይዞ ጉዞ ጀመረ። በመስከረም 1829 ኤችሚያድዚን ደረሰ።

ፓሮት አገሩንና ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ያስፈልገው ነበርና ከገዳሙ አስተርጓሚ ጠየቀ። የተሰጠው ዲያቆን አቦቪያን ነው። ወጣቱ ከአርመንኛ ሌላ ሩሲያኛ፣ ፋርስኛና በአካባቢው የሚነገረውን ቱርክኛ ያውቃል። የተሰጠው ሥራ የሰውን ቃል ማስተርጎም ብቻ ነበር። እሱ ግን እስከ መጨረሻው እርምጃ ድረስ አብሮ ወጣ።

ጓዶቹ አራክስን ተሻግረው በተራራው ሰሜናዊ ግርጌ ወዳለችው አኾሪ መንደር ሄዱ። የአገሩ ሰዎች ኖኅ ከመርከብ ከወረደ በኋላ የመጀመሪያውን ወይን የተከለው እዚያ ነው ይሉ ነበር። ከመንደሩ በላይ በ1,943 ሜትር ከፍታ ላይ በቅዱስ ያዕቆብ ስም የተሠራ ትንሽ ገዳም አለ። ፓሮት የጉዞውን ሰፈር በዚያ አደረገ። ተራራውን እንዳይወጣ የተከለከለውን ሰው ስም በተሸከመ ገዳም አድረው ነው እንግዲህ ለመውጣት የተነሡት።

የመጀመሪያው ሙከራ በሰሜን ምሥራቅ ወገን ነበር። ተዳፋቱ ቀጥ ያለ፣ በረዶውም እንደ ድንጋይ የጠነከረ ነው። ለዚያ ብርድ የሚሆን በቂ ልብስ ስላልነበራቸው ከመንገድ ተመለሱ።

ከስድስት ቀናት በኋላ እንደገና ሞከሩ። አሁን የአኾሪው አለቃ ስቴፓን ምክር ሰጣቸው፤ በሰሜን ምዕራብ ያለው ተዳፋት ረዘም ቢልም ዝግ ብሎ ይወጣል አላቸው። በዚያ መንገድ 4,885 ሜትር ያህል ወጡ። ከአናቱ የለያቸው ጥቂት መቶ ሜትር ቢሆንም ፀሐይዋ አዘቅዝቃ ነበር። በጨለማ በበረዶ ላይ ማደር ሞት መሆኑን ፓሮት ከቀድሞ ጉዞዎቹ ያውቀዋልና ተመለሱ።

ለሦስተኛው ሙከራ ከቀድሞው ከፍ ባለ ቦታ አደሩ፤ በማግስቱ ገና በማለዳ ተነሡ። ከተነሡት መካከል ኃይሉ ከድቶት ወደኋላ የቀረ ነበር። የቀሩት በበረዶው ላይ በመጥረቢያ ደረጃ እየቆረጡ፣ አንዱ የቆረጠውን ሌላው እየረገጠ ሽቅብ ሄዱ። ኦክቶበር 9 ቀን 1829 ከቀትር በኋላ በ9 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከአናቱ ቆሙ። የደረሱት ስድስት ናቸው። ፓሮትና አቦቪያን፣ ዝዶሮቬንኮና ቻልፓኖቭ የተባሉ ሁለት የሩሲያ ወታደሮች፣ ሆቭሃኔስ አይቫዚያንና ሙራድ ፖጎሲያን የተባሉ ሁለት የአኾሪ ገበሬዎች። ከስድስቱ ሦስቱ ተራራው አይወጣም እየተባለ ሲነገራቸው ያደጉ አርመኖች መሆናቸውን ልብ ማለት ይገባል። ታሪክ ጸሐፊዎች ብዙ ጊዜ የፕሮፌሰሩን ስም ብቻ ያነሣሉ። ገበሬዎቹ ግን መንገዱን ባያሳዩ፣ ዲያቆኑም በመካከላቸው ባይኖር ሦስተኛው ሙከራ እንደ ሁለቱ በቀረ ነበር።

ፓሮት ባሮሜትሩን አውጥቶ የአየሩን ግፊት ለካ። አቦቪያን ደግሞ ጉልበቱን በበረዶው ላይ አሳርፎ ጉድጓድ ቆፈረና ይዞት የመጣውን የእንጨት መስቀል ፊቱን ወደ ሰሜን አድርጎ ተከለ። ሲወርድም ከአናቱ ቁራጭ በረዶ ወሰደ። በረዶው ቀልጦ ውኃ ሲሆን እንደ ጠበል ቆጥሮ በጠርሙስ ይዞት ወረደ። የአቦቪያንን ልብ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር የለም። ወደ ተራራው የወጣው እምነቱን ጥሎ አይደለም። እግዚአብሔር የሠራውን ማየት ኃጢአት ነው የሚለውን ነው ያልተቀበለው። ከአንድ ወር በኋላ፣ ኖቬምበር 8 ቀን፣ ከፓሮት ጋር ትንሹን አራራትንም ወጣ።

በኤችሚያድዚን ግን ወሬውን የተቀበለ አባት አልነበረም። በአካባቢውም አናቱ ላይ አልደረሱም የሚል ሐሜት ተነሣ። ነገሩ ከረር ከማለቱ የተነሣ አብረው የወጡት ሰዎች በመሐላ ቃላቸውን እንዲሰጡ ተደረገ። መልአክ የዘጋውን ማን ይከፍተዋል በሚል እምነት ላደገ ሰው የባሮሜትር ቁጥር ማስረጃ ሊሆንለት አልቻለም። አቦቪያን በዓይኑ ያየውን፣ በእግሩ የረገጠውን ነገር የገዛ ወገኖቹ ሲክዱት በ20 ዓመቱ ተማረ። ይህ በቀሪው ዕድሜው ደጋግሞ የሚያየው ነገር ነው።

ዶርፓት

ፓሮት የዲያቆኑን ጥማት ተረድቶት ነበር። ወደ አገሩ እንደተመለሰ ለሩሲያ መንግሥት አመልክቶ በመንግሥት ወጪ የሚማርበትን ዕድል አስገኘለት። አቦቪያን በ1830 መስከረም ዶርፓት ገባ፤ እስከ 1836 መጀመሪያም ቆየ። ከአራክስ ሜዳ የመጣው ልጅ ከባልቲክ ባሕር ብዙም በማትርቅ ቀዝቃዛ ከተማ፣ በማያውቀው ቋንቋ፣ በማያውቀው ማኅበረሰብ መካከል ከጀርመንኛ ሀሁ ጀመረ።

በዚያ ታሪክ፣ ፍልስፍና፣ የተፈጥሮ ሳይንስ፣ ሥነ ጽሑፍና የማስተማር ዘዴ ተማረ። ጀርመንኛውን አጠናከረ፤ ፈረንሳይኛና ላቲን ጨመረበት። ማስታወሻም በየቀኑ ይጽፍ ነበር። የዘመኑ የጀርመን ደራሲያን አንድ ነገር ይሰብኩ ነበር፤ የአንድ ሕዝብ ነፍስ የሚገኘው በገበሬው ተረት፣ በእናት እንጉርጉሮና በመንደር ዘፈን ነው ይላሉ። ይህ ትምህርት ከግራባር መጻሕፍት ለመጣው አርመን ትልቅ ነገር ነበር። እስከዚያ ድረስ የተነገረው የተገላቢጦሽ ነው፤ የመንደሩ ቋንቋ የተበላሸ፣ ለመጽሐፍ የማይገባ ተራ ልሳን ነው ተብሎ ነው ያደገው።

ፓሮት በ1834 ወደ አራራት ያደረገውን ጉዞ የሚተርክ መጽሐፍ አሳተመ። በዚያ መጽሐፍ የአቦቪያን ስም በአውሮፓ ታወቀ። ይሁን እንጂ ወጣቱ በአውሮፓ ለመቅረት አልፈለገም። ምኞቱ አንድ ነበር፤ የተማረውን ይዞ ወደ አገሩ ተመልሶ ማስተማር። በ1836 ተመለሰ።

መምህሩ

የጠበቀው ግን የተዘጋ በር ነው። በኤችሚያድዚን ለማስተማር ጠየቀ፤ አልተቀበሉትም። በፕሮቴስታንት አገር ስድስት ዓመት ተቀምጦ የመጣ ሰው በጥርጣሬ ነበር የሚታየው። የትምህርት አሰጣጡ ይለወጥ ማለቱ ደግሞ ጥርጣሬውን አባባሰው። የሩሲያ ሹማምንትም ቢሆኑ ከመምህር የሚፈልጉት ታዛዥነትን እንጂ አዲስ ሐሳብን አልነበረም። በ1837 በመጨረሻ በቲፍሊስ የመንግሥት የአውራጃ ትምህርት ቤት ተቆጣጣሪ ሆኖ ተሾመ። ከዚህ ሥራው ጎን ለጎን በግሉ ትምህርት ቤት ከፍቶ ተማሪዎች ሰበሰበ። በ1839 ኤሚሊያ ሎዜ የምትባል ጀርመናዊት አገባ፤ ሁለት ልጆችም ወለዱ።

አቦቪያን የማስተማር ሐሳቡን በጽሑፎቹ ግልጽ አድርጎ አስቀምጧል። ልጅ በዱላ አይማርም አለ። የድሃ ልጅ ያለ ክፍያ ይማር አለ። ሴት ልጅ ከወንድ እኩል ትማር አለ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ልጅ መጀመሪያ ፊደል የሚቆጥረው እናቱ በምታናግረው ቋንቋ መሆን አለበት ብሎ ጸና። እስከዚያ ድረስ የአርመን ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ በአፉ የማያውቃቸውን የግራባር ቃላት በቃሉ እንዲሸመድድ ይደረግ ነበር። ድምፁን ያወጣል፤ ምስጢሩ ግን አይገባውም። አብዛኛው ደግሞ የቃሉን ፍቺ ሳያውቀው ትምህርቱን ያቆማል።

በ1838 አቦቪያን «ናኻሻቪግ» የተባለውን የመጀመሪያ ደረጃ ማስተማሪያ አዘጋጀ። መጽሐፉ የተጻፈው በአሽኻርሃባር፣ ማለትም ሕዝቡ በሚናገረው አርመንኛ ነው። ፊደል ከማስቆጠር ጀምሮ ተረትና ምክር፣ የልጅን ልብ የሚይዙ አጫጭር ንባቦች ያሉበት ነበር። ዛሬ ለእኛ ቀላል ነገር ሊመስል ይችላል። በዚያ ዘመን ግን አንድ መምህር የገበያውን ቋንቋ በክፍል ውስጥ ሲያስገባ የአሥራ አራት መቶ ዓመት ልማድ እየጣሰ ነበር። ሊቃውንቱ የተቃወሙት በተንኮል ብቻ አይደለም፤ ግራባር ከተተወ ቅዳሴውና የአባቶች መጽሐፍ ይጠፋሉ የሚል እውነተኛ ስጋት ነበራቸው። አቦቪያን ራሱ ግራባርን ይወዳል፤ ያውቀዋልም። እሱን ያስጨነቀው ሌላ ነው። መጽሐፉን የሚያነበው ሰው ካለቀ መጽሐፉን ማን ይጠብቀዋል?

በ1840 ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ከአራራት ከባድ ወሬ መጣ። ተራራው በርዕደ መሬት ተናወጠ፤ ከአናቱ የተናደው ድንጋይ፣ በረዶና ጭቃ አኾሪን ከነነዋሪዎቿ ቀበራት። የቅዱስ ያዕቆብ ገዳምም አብሮ ጠፋ። አቦቪያን ያደረበት ሰፈር፣ መንገድ ያሳዩት ሰዎች መንደር በአንድ ቀን ከምድር ገጽ ጠፋ። በሚቀጥለው ዓመት በጥር ፓሮት አረፈ። የ1829ን ጉዞ የሚያስታውሱት ሰዎች እያለቁ ነበር።

የአርሜኒያ ቁስሎች

በ1841 አቦቪያን የሕይወቱን ትልቅ ሥራ ጻፈ። ልብ ወለዱ «የአርሜኒያ ቁስሎች» ይባላል። በመቅድሙ እንዴት ወደዚህ ሥራ እንደገባ ራሱ ተርኳል። ያስተማራቸው ልጆች የሩሲያኛ፣ የጀርመንኛና የፈረንሳይኛ መጻሕፍትን በፍቅር ያነባሉ፤ የአርመንኛ መጽሐፍ ሲሰጣቸው ግን ፊታቸውን ያዞራሉ። ይህ ያንገበግበዋል። ለምን እንዲህ ሆነ እያለ ሲመራመር ሕዝቡ የሚሰበሰብበትን ቦታ ተመለከተ። ሰው መጽሐፍ ሲነበብለት አይቆምም። አንድ ዓይነ ስውር አሹግ፣ የኛ አዝማሪ እንደምንለው ዓይነት ዘፋኝ፣ መሰንቆውን ይዞ የጀግና ታሪክ ሲያዜም ግን ገበያተኛው ሸክሙን አውርዶ ይከበዋል፤ አልቅሶም ስቆም ሳንቲም ጥሎለት ይሄዳል። ነገሩ በዚያ ተገለጠለት። ሰዋስውና ንግግር ያስተማሩትን መጻሕፍት ወደ ጎን አደረገና እንደ አሹጉ ሊናገር ቆረጠ።

መቅድሙ የሚከፈተው በንጉሥ ክሮሶስ ልጅ ታሪክ ነው። ልጁ ከተወለደ ጀምሮ ዲዳ ነበር። ጠላት ሰይፍ መዝዞ አባቱን ሊገድል ሲል ግን ምላሱ ተፈትቶ ጮኸ። አቦቪያን ራሱን ከዚያ ልጅ ጋር አመሳሰለ። እሱም ለዓመታት ዝም ያለ፣ አሁን ግን ወገኑን ሲያይ ዝም ማለት ያቃተው ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው በትውልድ መንደሩ በካናከር ነው። የሰርዳሩ ሰዎች አንዲት ልጃገረድ ለሰርዳሩ ሊወስዱ ይመጣሉ። አጋሲ የተባለ ወጣት መንገዳቸውን ዘግቶ ይዋጋቸዋል፤ ከዚያም ሸፍቶ በረሃ ይገባል። ከእሱ ጋር አንባቢው በጦርነቱ ዘመን በተቃጠሉ መንደሮች መካከል እየተዘዋወረ የየሬቫን ምሽግ በ1827 እስከወደቀበት ጊዜ ይጓዛል። በመጽሐፉ ውስጥ ገበሬው እንደ ገበሬ ይናገራል። እናት እንደ እናት ታለቅሳለች። ስድቡ፣ ምርቃቱ፣ ሙሾው፣ የሰርጉና የድግሱ ጭውውት ሁሉ በካናከር አነጋገር ተጽፏል። ከዚያ በፊት በዚያ ቋንቋ እንዲህ ያለ ልብ ወለድ ማንም አልጻፈም። በምሥራቅ አርመንኛ የዘመናዊው ሥነ ጽሑፍ በር የተከፈተው በዚህ መጽሐፍ ነው። እኛ በአማርኛ የመጀመሪያ ልብ ወለድ የምንለው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ጦቢያ» የታተመው በ1908 መሆኑን ስናስብ የአቦቪያን ድፍረት መጠኑ ይታየናል።

መጽሐፉ ግን አልታተመም። ደራሲው በሕይወት እስከ ነበረ ድረስ የእጅ ጽሑፍ ሆኖ ቀረ።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

በ1843 አቦቪያን ወደ የሬቫን ተዛወረና የዚያ አውራጃ ትምህርት ቤት ተቆጣጣሪ ሆነ። ለልጆቹ አዲስ ዓለም ሊከፍት ሲታገል ከሹማምንቱም ከሥራ ባልደረቦቹም ጋር ይጋጭ ነበር። አውሮፓውያን ተጓዦች ግን አገሩን ለማወቅ ሲፈልጉ የሚመጡት ወደ እሱ ነው። በዚያው ዓመት ሞሪትስ ዋግነርና ባሮን አውጉስት ፎን ሃክስትሃውዘን የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን ጎበኙት። ሃክስትሃውዘንን ወደ ካናከር ወስዶ ከቤተሰቡ ጋር አስተዋወቀው፤ የአገሩን ተረትና ልማድም ነገረው። ባሮኑ ኋላ ስለ ካውካሰስ ማዶ በጻፈው መጽሐፍ ከአቦቪያን የሰማውን አስፍሯል። አቦቪያን የጎረቤቶቹን የኩርዶችንና የየዚዲዎችን ኑሮም ያጠና ነበር፤ ስለ ኩርዶች የጻፈው በ1848 «ካቭካዝ» በተባለው የቲፍሊስ ጋዜጣ ወጣ።

ተራራውንም አልረሳውም። በ1845 ጀርመናዊው የምድር ጥናት ሊቅ ሄርማን አቢኽ አራራትን ሲወጣ አብሮት ነበር። በ1846 ደግሞ ሄንሪ ዳንቢ ሲይሞር ከተባለ እንግሊዛዊ ጋር ለሦስተኛ ጊዜ ወጣ። አንድ ጊዜ መውጣቱን የካዱት ሰው ሦስት ጊዜ ወጣ ማለት ነው።

ኤፕሪል 14 ቀን 1848 በማለዳ አቦቪያን ከቤቱ ወጣ። ከዚያ በኋላ ያየው ሰው የለም። ዕድሜው 38 ነበር። ሬሳው አልተገኘም፤ መቃብርም የለውም። ሰዎች ብዙ ነገር አሉ። አንዳንዱ በመጽሐፉና በአቋሙ የተቆጡ ጠላቶች ገደሉት ይላል። ሌላው የሩሲያ መንግሥት የምሥጢር ፖሊስ ይዞ ወደ ሳይቤሪያ ወሰደው ይላል። ተስፋ ቆርጦ ራሱን አጠፋ የሚል አለ። በዚያ ዓመት በአውሮፓ በተቀጣጠለው አብዮት ሊሳተፍ ሄደ የሚልም አለ። አንዱም ማስረጃ አላገኘም። በእርግጠኝነት የሚታወቀው ሲጠፋ የነበረበት ሁኔታ ነው፤ ከቤተ ክህነቱ የተገፋ፣ በሹማምንቱ ዘንድ የማይወደድ፣ ትልቁን መጽሐፉን ሳያሳትም የቀረ መምህር ነበር።

ከእሱ በኋላ

«የአርሜኒያ ቁስሎች» በ1858 በቲፍሊስ ታተመ። ደራሲው ከጠፋ አሥር ዓመት ሆኖት ነበር። መጽሐፉ ሲወጣ አቦቪያን በገበያ ያየው ነገር ደረሰ፤ ሰው ቆሞ አዳመጠው። ፔርች ፕሮሺያን የተባለው ወጣት ይህን ልብ ወለድ ካነበበ በኋላ በ1860 የራሱን መጽሐፍ በሕዝቡ ቋንቋ አሳተመ። ከእሱ በኋላ ሌሎች ተከተሉ። ግራባር በቅዳሴው ክብሩን እንደጠበቀ ቀረ፤ ትምህርት ቤቱ፣ ጋዜጣውና ልብ ወለዱ ግን ወደ አሽኻርሃባር ዞሩ።

የተራራው ነገር ከዚህ ይለያል። በ1876 ጄምስ ብራይስ የተባለ ብሪታኒያዊ ምሁር አራራትን ወጥቶ ወደ ኤችሚያድዚን ሄደ። አናቱ ላይ መድረሱ ለአንድ አረጋዊ አባት ሲነገራቸው ፈገግ ብለው ማንም እዚያ ደርሶ አያውቅም፣ ሊሆንም አይችልም አሉ። ከአቦቪያን መውጣት 47 ዓመት አልፎ ነበር። ኋላ ደግሞ በ1921 በተደረጉ ውሎች ተራራው በቱርክ ግዛት ውስጥ ሆነ። የየሬቫን ሰው ዛሬ ማሲስን ከመስኮቱ ያየዋል እንጂ በቀጥታ አይሄድበትም፤ ድንበሩ በመካከል አለ።

አቦቪያን ያሸነፈው ትግል እንግዲህ የትኛው እንደሆነ ከዚህ ይታያል። የአራራት መውጣት ስሙን በአውሮፓ አስጠራለት፤ በወገኖቹ ዘንድ ግን ለረጅም ዘመን አልታመነም። ማስተማሪያውና ልብ ወለዱ ደግሞ በሕይወቱ ሳለ ምንም አላተረፉለትም፤ ከሞቱ በኋላ ግን የሕዝቡን የንባብ ልማድ ለወጡ። ሁለቱንም ያደረገው በአንድ ሐሳብ ነው። ለሰው አልተፈቀደም የተባለውን ነገር በቅርብ ሄዶ ማየት፣ ያዩትንም ለሌላው በሚገባው ቋንቋ ማካፈል። ለዚህ ነው ከዘመኑ ተራራ ወጪዎች ሁሉ የእሱ ስም በትምህርት ቤት ደጃፍ ላይ የተጻፈው።

ካናከር ያለው ቤቱ ዛሬ ሙዚየም ነው። ከየሬቫን ትንሽ ራቅ ያለች አንዲት ከተማ አቦቪያን ትባላለች። በ1922 በየሬቫን የተቋቋመው የመምህራን ማሠልጠኛ በ1948፣ እሱ ከጠፋ በ100ኛው ዓመት፣ በስሙ ተሰየመ፤ አሁን ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ኤችሚያድዚን ለማስተማር ያልፈቀደችለት ሰው ስም በየዓመቱ በሚመረቁት አዳዲስ መምህራን ዲፕሎማ ላይ ይሰፍራል። እነዚያም መምህራን ክፍል ሲገቡ ለልጆች ፊደል የሚያስቆጥሩት እሱ በ1838 በተሟገተለት የእናት ቋንቋ ነው።